የተቀዳ ለቅሶ

ባንቺአምላክ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞታለች። ታንቃ ሞታለች፣ ከፎቅ ተወርውራ ሞታለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ግድግዳ ውጧት ሞታለች። መሞቱ አልከነከናትም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው ከመሞቷ በፊት የምትጮኸው ጩኸት ነው። ጩኸቱ ለሞተች እህቷ ያለቀሰችው ለቅሶ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቷ ይታይሽ ሦስት ቀን ታማ በአራተኛው ስታርፍ፣ ኮምቦልቻ የፊልም ስቱዲዮዎቿን ሽቅብ መገንባት የጀመረችበት ጊዜ ነበር። ድንኳኑ ተተክሎ ለቀስተኛው ሲገባ፣ ንጹሕ የለበሱ ሦስት ሰዎች ክብ መስተዋት የመሰለ መሣሪያ ይዘው መጡ። «የባህል ቅርስ የምንሰበስብ ነን» አሉ። ማን ይከልክላቸው? ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው አይመለስም። ባንቺአምላክ ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች፣ መስተዋቱ በላይዋ ይዞራል። የዕድሩ ጸሐፊ ለድንኳኑ፣ ለአርባው አግዳሚ ወንበርና ለስድስቱ ብረት ድስት አስፈርሟት ሲጨርስ፣ ከሥሩ ሌላ ሰሌዳ ቀረበላት። ሐዘንተኛ ለዕድር ዕቃ ሲያስፈርሙት አያነብም፤ ባንቺአምላክ ደግሞ ባታዝንም አታነብም፣ ትምህርቷ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ለብረት ድስቱ መስሏት። ያሳረፈችው ግን መልኳን፣ አካሄዷንና ድምፅዋን ዓለም እስካለች ድረስ ለስቱዲዮው በሚሰጥ ውል ላይ ነበር።

በዓመቱ ጎረቤት ቤት ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ግድግዳው ላይ ከሚታየው ፊልም የራሷ ድምፅ መጣ። መጥረጊያ የያዘች የቤት ሠራተኛ ጭራቅ አይታ ትጮኻለች። ሠራተኛዋ ባንቺአምላክ ናት። ጩኸቱም «ይታይሽ!» ልትል ስትል ትንፋሽ ያጠራት ቦታ ነው። ጎረቤቶቿ ሳቁ፤ ከዚያ እሷን አይተው ደነገጡ፤ ከዚያ መያዝ አቅቷቸው እንደገና ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ጩኸቱ ያልገባበት የለም። የስልክ ጥሪ ሆነ፣ የበር ደወል ሆነ፣ ሌባ ማስደንገጫ ሆነ። ከስድስት ዓመት በፊት እናቷ ያረፈች ዕለት ባንቺአምላክ አስከሬኑ ፊት ቆማ አፏን ከፈተች፤ ገና የመጀመሪያውን ትንፋሽ ስታወጣ ከለቀስተኛው መሀል አንዱን ሳቅ አመለጠው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ፊልሙ ትዝ ብሎት ነው። አፏን ዘጋች። በዚያው ተዘግቶ ቀረ። ሰፈሩም «እናቷን ያላለቀሰች» የሚል ስም አወጣላት።

ስቱዲዮው በር ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ አሻራዋን አሳይተው መለሷት። በአሥራ ሁለተኛው፣ በሩ ላይ «ጥላ አጣቢ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉን ሰው አነበበላት። ጠላቴን ከአጥር ውጪ ሆኜ ከምራገም ጓዳው ገብቼ ልየው ብላ ተቀጠረች። ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ።

ጥላ ማለት የሰው ቅጂ ነው። ሥጋ የለውም፣ በብርሃን የቆመ ነው፤ ግን ይሄዳል፣ ያወራል፣ ያስባል እንኳ ይባላል። ፊልም የሚሠሩት ጥላዎች ናቸው፤ ሰው ካሜራ ፊት መቆም ካቆመ ቆይቷል። ችግሩ ጥላ ከሠራው ፊልም ትራፊ ይዞ መመለሱ ነው። ፖሊስ ሆኖ የዋለው በማግስቱ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ አማት ሆና የዋለችው ያገኘችውን ሁሉ ታመናጭቃለች። ስለዚህ በየማለዳው ይታጠባሉ። አጣቢዋ የማጠቢያ ዘንጓን ጫፍ የጥላው ግንባር ላይ አስጠግታ አንድ፣ ሁለት ብላ ታነሣለች። ሦስት ካለች አለቀ፤ በረኪና እንደፈሰሰበት ጥቁር ጨርቅ ጥላው እስከ ሥሩ ይለቃል።

ሐሙስ ጠዋት ባንቺአምላክና ዘርትሁን በየረድፋቸው ቆመው ያጥባሉ። ዘርትሁን የዕድሜ እኩያዋ ናት፣ ምላሷ ግን ይበልጣል።

«ይኼ ሰውዬ ዛሬም ሃያ አምስት ዓመቱ ነው?» አለች ዘርትሁን፣ ሳምራዊ የሚባለውን የዋና ተዋናይ ጥላ በዘንጓ እየነካካች።

«ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ከሞተ ወዲህ እኮ ነው የተዋጣለት! በሕይወት ሳለማ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት።»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማኛ! እሱስ ቢሆን አሥራ አራት ጊዜ ጭራቁን ገድሎ፣ አሥራ አራት ጊዜ ያችኑ ልጅ አግብቶ፣ መቼ ይሆን የሚሰለቸው?»

አሥራ አራት ያለችው የፊልሙን ክፍሎች ነው። «የሰባተኛው ፎቅ ጭራቅ» ይባላል። ክፍል አንድ ላይ ጭራቁ በሰባተኛው ፎቅ ሰው ይበላል፤ ክፍል አሥራ አራት ላይም ጭራቁ በሰባተኛው ፎቅ ሰው ይበላል። መጀመሪያ የምትበላው ሁልጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት። የቤት ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ባንቺአምላክ ናት። ስፖንሰሩ የዘይት ፋብሪካ ስለሆነ፣ ከመበላቷ በፊት የዘይቱን ጠርሙስ ስሙ እንዲታይ አድርጋ ወደ ካሜራው ማዞር አለባት።

«ጭራቁ እንኳ ዘይቱ ታይቶ እስኪያልቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል» አለች ባንቺአምላክ። «እንዲህ ያለ ታጋሽ ባል አላገኘሁም።»

«ኧረ አንቺ ሴት!»

እየሳቁ ረድፋቸውን ጨረሱ። ባንቺአምላክ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። ሰባት ቁጥር የምትባለው የራሷ ጥላ እዚያ ቆማለች፤ የሃያ ስድስት ዓመቷ ባንቺአምላክ፣ ያልሸበተች፣ ነጠላዋን ለለቅሶ እንዳሸረጠች። እንደየማለዳው ሁሉ ዘንጉን አነሣች፣ ትንሽ ቆየች፣ መልሳ አወረደችው። ሰሌዳው ላይ «ታጥቧል» የሚለውን ምልክት ነክታ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማንም አላወቀም።

ገና ቁርሷን ሳትቀምስ ከላይ ጩኸት ተሰማ። የጥላ አይደለም፣ የሰው ነው።

«እትዬ ባንቺ! እባክዎ ቶሎ ይምጡ! ጥላዋ... ጥላዎ አመጸች!»

የሚጣራው ዳይሬክተሩ ኪሩቤል ነው። ለስላሳ ልጅ ነው፤ ፊልም ሲወድ ያደገ፣ እዚህ ግን ሥራው ሦስት ቁልፍ መጫን ብቻ የሆነ። አረንጓዴው «ጀምር» ነው፣ ቀዩ «አቁም» ነው፣ ቢጫው «ካለፈው ክፍል ድገም» ነው። ቢጫው ተፍቆ ነጭ ሊሆን ደርሷል።

ባንቺአምላክ ወደ መቅረጫው አዳራሽ ስትገባ ሰባት ቁጥር ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ አገጯን በእጇ ደግፋ። ጭራቁ ከፊቷ አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ስክሪፕቱ «ጩኸቱን ከሰማህ በኋላ ብላ» ስለሚለው፣ ሳይሰማ መብላት አይችልም።

«አንተ፣ አፍህን ዝጋ፣ ብርድ ይገባሃል» ትለዋለች ሰባት ቁጥር።

ሠራተኛው ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

«ጩሂ!» አለ ኪሩቤል።

«ለምን ብዬ?»

«ጭራቅ ነዋ!»

«እሱ? ስንት ጊዜ በልቶኛል! ቀን በቀን የሚያዩት ነገር ያስፈራል እንዴ? ይልቅ ምስኪን ነው፣ አንድ ቃል እንኳ አልተሰጠውም።»

ይኼኔ በሩ ተከፈተና አቶ መክብብ ገባ። ፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ፕሮዲዩሰር ማለት ፊልሙን ሳይሠራ የፊልሙ ባለቤት የሚሆን ሰው ነው። ዙሪያውን አየና ሳቁ ሁሉ ጠፋ።

«ይህን ጥላ የምታጥበው ማናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ባንቺአምላክ።

«አጥበሻታል?»

«አላጠብኩም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አጥቤያት አላውቅም።»

የዘጠኝ ዓመት ትራፊ ማለት የዘጠኝ ዓመቱን ሞቷን ሁሉ ታስታውሳለች ማለት ነው።

«ለምን?»

«የራሱን ሬሳ የሚያጥብ ሰው አይተው ያውቃሉ፣ አቶ መክብብ?»

ሰውዬው ቀላ። ሊያባርራት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ፊልሙ እሑድ ይመረቃል። አሁን ሰባት ቁጥርን እናጥባት ቢሉ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ትራፊ ሲወጣ ጩኸቱንም ይዞት ይወጣል። ጩኸቱን ነጥለው ለመቅዳትም ሞክረው ያውቃሉ፤ ከጥላው ሲለይ የፍየል ሳል ነው የሚመስለው፤ የበር ደወሉና የስልክ ጥሪው እንኳ በቀጥታ ከጥላዋ ነው የሚመጣው። ጥላ ደግሞ እምቢ ካለ የሚሰማው የመልኩን ባለቤት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበና ፊቱን አበራ።

«ወይዘሮ ባንቺአምላክ» አለ። እስከዚያች ቀን ወይዘሮ ብሏት አያውቅም። «እኛ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን። ሦስት ቀን አለዎት። ጥላዋን ይምከሩልኝ፣ ትጩህ። ተመልካች የሚፈልገው እሱን ነው። እኛ እኮ የምንደክመው ለጥበብ ነው።»

«ሰው ሁሉ ይውጣልኝ። እኔና እሷ ብቻ።»

«ይሁን።»

ሲወጡ ኪሩቤል ወደኋላ ቀረ። «እትዬ፣ ሌላም ጣጣ አለ። ፊልሙን የሚገመግመው ኮሚቴ በዚህኛው ክፍል ጭራቁ ይናገር ብሏል። ስክሪፕት የሚጽፈውን ማሽን ሦስት ጊዜ ለመንኩት፣ ሦስቴም ‹ዋዋዋ› ብቻ ነው የጻፈልኝ።»

«ለእኔ ተወው።»

«መጻፍ... ይችላሉ?»

«መናገር እችላለሁ። ማሽኑ ይጻፍ፣ እጅ የለውም እንዴ?»

በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ባንቺአምላኮች ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አረጀሽ» አለቻት ጥላዋ።

«አንቺ ደግሞ አላደግሽም።»

«ልትመክሪኝ ነው የመጣሽ?»

«ነው ይላሉ።»

«ከመምከርሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ጩኸት ሲወጣ ደረቴ ይቀደዳል። ጭራቁን ፈርቼ አይደለም። ጩኸቱ ከሱ ጋር ምንም አገናኝ የለውም፤ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ማጠቢያው አጠገብ በቆምኩ ቁጥር ልጠይቅሽ እያልኩ አንቺ ዓይኔን አታይኝም።» «ማን ነው የሞተው?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ድምፅ ያልሰማ ሰው የለም። ያዘጋጀው ሰምቷል፣ የሸጠው ሰምቷል፣ ጎረቤቷ ሰምቷል፣ በሩ ላይ ደወል ያደረገው በቀን አሥር ጊዜ ይሰማል። ማን ሞቶ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የጠየቀቻት ሰው ያልሆነችው ናት።

«እህቴ ናት» አለች ባንቺአምላክ። «ይታይሽ ትባል ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች። ግራኝ ስለሆነች መቀሱ አይስማማትም፣ የሰው ቀሚስ ሁሉ አጥብባ ነው የምታስረክበው። ሲቆጧት ‹አንቺ ወፍረሽ ነው እንጂ!› ትላለች። ባለቀሚሷም አፍራ ትሄዳለች።»

ጥላዋ ሳቀች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፊልም ሠርታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ለቤት ሠራተኛ ሳቅ ተጽፎላት አያውቅማ።

«ሌላ ንገሪኝ።»

ነገረቻት። በካርታ ጨዋታ እንደምታታልል፣ ሲይዟት እንደምታኮርፍ፣ በዚያ ሦስት ቀን ሕመም ውስጥ እንኳ የጎረቤቷን ሸሚዝ ቁልፍ ልጨርስ ብላ መርፌ እንደጠየቀች። ሐሙስ እንዲህ አለፈ።

ዓርብ ጠዋት ጥላዋ «ከእንግዲህ ለዚያ አፉን ለከፈተ ፍጡር አልጮኽም» አለች። «ለማን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ እንዴት አድርጌ?»

«አትጩኺ» አለች ባንቺአምላክ። «ነይ ጭራቁን ቋንቋ እናስተምረው።»

ያልተማረ ሰው የሚጽፍበት ስለሌለው አይረሳም። ባንቺአምላክ ዘጠኝ ዓመት ከማጠቡ ሌላ በየኮሪደሩ ስትጠርግ፣ በየስብሰባው ውሃ ስታቀርብ የሰማችው ሁሉ ልቧ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ሲለው እንዴት እንደሳቀ። ማሽኑ ፊት ቁጭ ብላ አንድ ባንድ ተናገረችው። የራሷን አንዲት ቃል አልጨመረችም። ቅዳሜ ሳይመሽ ጭራቁ ሰው ሆኖ ነበር፤ ይኼንንም ያለችው ጥላዋ ናት። አረንጓዴውን ቁልፍ የተጫነችውም ባንቺአምላክ ራሷ ናት፤ ከእሑድ በፊት ፊልሙን ያየ ሌላ ሰው የለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሲኒማ አዳራሹ ሞላ። ወንበሮቹ ፍርሃት ለኪ ናቸው፤ የተቀመጠባቸውን ሰው የልብ ምት ይቆጥሩና ከስክሪኑ በላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ያወጣሉ። ሰሌዳው ከሰባ በታች ከወረደ ፊልሙ ወድቋል። ከፊት ኮሚቴው፣ ስፖንሰሩና ሃያሲዎቹ ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ አቶ መክብብና ኪሩቤል፤ ከኋላ ሠራተኞቹ። ባንቺአምላክና ዘርትሁን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው።

ፊልሙ ጀመረ። የቤት ሠራተኛዋ ዘይቷን ይዛ ወደ ሰባተኛው ፎቅ ወጣች። በሩ ተከፈተ። ጭራቁ ወጣ፤ ዘሎ አልያዛትም። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«ግቢ፣ ግቢ፣ አትፍሪ። እኛ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን።»

ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ ላይ የሰው ፊቶች እንደ ካፖርት ተሰቅለዋል። ዓይናቸው ይንቀሳቀሳል። ሰሌዳው ሰማንያ አለ።

«ፊትሽን እዚህች ላይ አንጠልጥዪልኝ። ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ዓለም እስክታልፍ ብቻ። ውሉን አንብበሻል? አላነበብሽም? ጎሽ። ያነበቡ ሰዎች ሥራ ያበላሻሉ።»

ከኋላ ረድፍ አንዲት አልባሳት ሠራተኛ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«አሁን ጩሂልኝ። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው... አሁን ደግሞ ከልብሽ! በቅርብ የሞተብሽ ሰው አለ? አለ? እልል በሉ! እሱን አስቢው። ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ዘይቱን ወደ ካሜራው አዙሪው።»

የኋላው ግማሽ አዳራሽ በሳቅ ይንፈራፈራል፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ወንበሩን እየያዘ። የፊተኛው ግማሽ በፍርሃት ይንቀጠቀጣል። ሰሌዳው ዘጠና አራት ደረሰ።

«ከዚህ በፊት የነበረችው ሴት አርጅታብኛለች» አለ ጭራቁ፣ አንዱን ፊት ከግድግዳው እያወረደ። «ይኼኛው ደግሞ ሞቷል፣ ግን ሞት ለጥበብ ምኑ ነው? ሃያ አምስት ዓመት እንዲሆነው አድርጌዋለሁ። ተመልካች የሚፈልገው እሱን ነው።»

አቶ መክብብ የኪሩቤልን ክንድ ጨመደደ። ግንባሩን አልቦታል። «እንዴት ያለ አረመኔ ነው! ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ማነው ያሰበው?»

ኪሩቤል ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ገብቶታል። ወንበሩ ውስጥ ሊቀበር ደርሷል። «ማሽኑ... ማሽኑ ነው መሰለኝ።»

ጭራቁ ወደ ሠራተኛዋ ቀረበ። አፉን ከፈተ። አዳራሹ ሃያ ዓመት የለመደው ጩኸት ሊመጣ ነው። ሰባት ቁጥር የዘይቱን ጠርሙስ መሬት አስቀመጠች። ፊቷን ከጭራቁ አዙራ ወደ ሕዝቡ አየች።

«ይታይሽ ትባል ነበር» አለች። «ግራኝ ነበረች። የሸሚዝ ቁልፍ ሳትጨርስ ነው የሞተችው።»

ሌላ ምንም አላለችም። ተቀመጠች። ጭራቁ ጩኸቱን እየጠበቀ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ስክሪኑም እንዲሁ እንዳለ ጠቆረ። ሰሌዳው ከዘጠና አራት ወርዶ፣ ወርዶ፣ ባዶ ሆነ። የሚቆጥረው ፍርሃት አጣ። አንድ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ።

ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ።

አንዱ ሃያሲ ተነሥቶ «እንዲህ ያለ ፍጡር በምድር ላይ የለም፤ ይህ ንጹሕ ምናብ ነው!» አለ። ስፖንሰሩ የጭራቁ ሥዕል ጠርሙሱ ላይ ይለጠፍልኝ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጭራቁ ከየትኛው ባዕድ ዓለም እንደመጣ ጠየቀ። አቶ መክብብ ከደስታው ብዛት ሠራተኞቹ ድረስ ወረደ።

«ወይዘሮ ባንቺአምላክ! ክፍል አሥራ አምስትን ነገ እንጀምራለን። ይህ ጭራቅ ዘላለም ይኖራል! መጨረሻውን ብቻ እናርመዋለን፣ ዝምታው ያሰለቻል። ጩኸቱ ይመለስ። ጥላዋን በቅርብ ለሚመጣልን አዲስ የማሠልጠኛ ማሽን እንሰጣታለን፣ እርስዎ አይድከሙ።»

«አቶ መክብብ፣ ጭራቁ እኮ እርስዎ ነዎት።»

ሰውዬው አፍጥጦ አያት። ከዚያ አቶ መክብብ ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«‹ጭራቁ አንተ ነህ!› ግሩም! ኪሩቤል፣ ጻፋት፣ ማስታወቂያው ላይ ትግባ!»

ባንቺአምላክ ተነሣች። ፎክራ አልወጣችም፣ በር አላጋጨችም። ለመስደብ እንኳ ሰሚ ያስፈልጋል። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፣ የማጠቢያው ክፍል በትልልቅ መስኮቶቹ ብርሃን ተሞልቷል። ዘንጓን ከተሰቀለበት አወረደች። ሰባት ቁጥር ቦታዋ ላይ ቆማለች።

«ዛሬ ሦስት ነው የምቆጥረው» አለች ባንቺአምላክ።

«አውቄያለሁ።»

«አንቺ ከጠፋሽ ጩኸቱም ይጠፋል። ዘጠኝ ዓመት ያልነካሁሽ ለዚህ ነበር። ይታይሽን ሁለተኛ የምቀብራት እየመሰለኝ።»

«ማን እንደሞተች አውቄ ነው የምሄደው። ለእኔ ይበቃኛል።» ጥላዋ ግንባሯን ራሷ ወደ ዘንጉ አስጠጋች። «የምትፈሪው አንቺ ነሽ።»

«እፈራለሁ። ቢሆንም አላቆምም።»

አንድ አለች። ሁለት አለች። በሁለትና በሦስት መሀል የአደጋ ደወሉ ጮኸ፤ እንደ ሌላው ሁሉ እሱም የእሷው ጩኸት ነው። ሦስት ስትል መሀሉ ላይ ተቆረጠ። ሰባት ቁጥር ከእግሯ ጀምራ ነጣች፤ ነጠላዋ ነጣ፣ እጇ ነጣ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፣ እነሱም ሄዱ። ባዶ ወለል ሆነ። ከተማው ውስጥ የስንቱ በር ደወል በዚያች ቅጽበት ዲዳ ሆነ።

አቶ መክብብ እየሮጠ ገባ፣ ሰው ሁሉ ተከትሎት።

«ምን አደረግሽ! ምን አደረግሽ! የስቱዲዮው ንብረት ነው! አሻራሽ አለን!»

«አሻራውን ያዘው» አለች ባንቺአምላክ። «ደጅህን የጠናሁት ይበቃኛል፤ አሁን አንተ የኔን ጥና።»

ሌላም ልትለው ነበር፤ ግን ከደረቷ አንድ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ ሳል መሰላት። ጉሮሮዋን ፋቀው፣ አፏን ከፈተው፣ ወጣ። ከጥላዋ የወጣው አይደለም። ያ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር፤ ይኼ ወፍራም ነው፣ ሰንጣቃ ነው፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ድምፅ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች።

አንቺን አፈር በላሽ፣ ድምፄን ሰው በላብኝ፤
ሃያ ዓመት ዝም አልኩሽ፣ እቴ አትዘኚብኝ።

ማንም አልሳቀም። ዘርትሁን የራሷን ነጠላ አሸርጣ ከጎኗ ቆመችና «እዬዬ!» ብላ ተቀበለቻት። አልባሳት ሠራተኛዋ ተቀበለች። መብራት የሚያስተካክለው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ግድግዳ ተደገፈ። ጥላዎቹ በየረድፋቸው ቆመው ይሰማሉ።

«ቅዱት!» አለ አቶ መክብብ። ዓይኑ በርቷል፣ የደረሰበትን ኪሳራ ሁሉ ረስቷል። «ይኼ ከበፊቱ ይበልጣል! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ቅዱት እንጂ!»

የድምፅ ሠራተኛው መሣሪያው አጠገቡ ነበር። አየው። ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አቶ መክብብ ወደ ኪሩቤል ዞረ፤ ኪሩቤል ከሐዘንተኛ ጋር እንደሚቀመጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አንድ በአንድ ሁሉንም ለመናቸው። የሰማው የለም።

ባንቺአምላክ አላየችውም። ይታይሽን አልቅሳ ስትጨርስ፣ ትንፋሽ ወሰደችና ወደ እናቷ ዞረች።